የድሮው የአስዋን ግድብ በምን ቆመ?

እህቴ፣ «የድሮው የአስዋን ግድብ በድንጋይ ተገንብቶ እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ? ከእኛ ግልገል ግቤ አንድ ጋርስ ይመሳሰላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጅማና አካባቢዋ ብዙ ዓመት በግንበኝነት፣ ኋላም በፎርማንነት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር። አይመሳሰሉም። ግልገል ግቤ አንድ ተቆልሎ የተጠቀጠቀ ድንጋይ ነው። ግብፅ ውስጥ ናይል (ዓባይ) ላይ ያለው አስዋን ግን በሞርታር የተያያዘ የግራናይት ግንብ ነው፤ ድንጋዩም የዚያው የአስዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ተጀምሮ በ1902 አለቀ። ርዝመቱ 1,950 ሜትር ነው።

የያዘው ክብደቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ግራናይት ሁለት ቶን ተኩል ይደርሳል። ውሃው ሲገፋ ግንቡ ተጭኖ ይቀመጣል። ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠበውም ለዚህ ነው።

ግን መሠረቱ ካልያዘ ክብደቱ ዋጋ የለውም። ውሃ ከሥር ከገባ ግንቡን ወደ ላይ እየገፋ ያቀልለዋል። ፈረንሳይ ውስጥ የቡዜ ግድብ በ1895 ተደርምሶ ከ80 በላይ ሰው ሲያልቅ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። አስዋን ላይም ሲቆፍሩ አለቱ ከገመቱት በላይ የበሰበሰ ሆኖ አገኙት። ወጪው ቢንርም ደህናው አለት እስኪገኝ ወረዱ።

እኛ አልወረድንም። ከጅማ ወጣ ብሎ ለመስኖ ትንሽ የወንዝ መጥለፊያ ስንሠራ ዶማ የሚበላው ድንጋይ ላይ ደረስን። «ገና ነው፣ እንቆፍር» አልኩ። የሥራው ኃላፊ «በጀት የለም፣ ገንቡ» አለ። ገነባን። በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ከሥር ሾልኮ ወጣ። ከግንቡ አንድ ድንጋይ አልወለቀም፤ ሥሩ ግን ባዶ ሆኖ ሰው ጎንበስ ብሎ ያሳልፍ ነበር። ገበሬዎቹ ያን በጋ ሳያጠጡ ቀሩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላው የምወድለት 180 በሮቹን ነው። በ1960ዎቹ አዲሱ ትልቁ የአስዋን ግድብ ከበላዩ ከመሠራቱ በፊት፣ ክረምት ላይ የእኛን አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ጎርፍ በበሮቹ ያልፍ ነበር። ውሃው ሲጠራ በሮቹ ይዘጉና ይጠራቀም ነበር። እንዲህ ባይሆን ደለል ቶሎ ይሞላው ነበር።

ከፍታውም ሁለቴ ጨምሯል፤ በ1912 እና በ1933። በመጀመሪያው ጊዜ አዲሱን ግንብ ከአሮጌው ጋር ወዲያው አላጣበቁትም። በመሃል ክፍተት ትተው፣ የሁለቱ ሙቀት እስኪስተካከል ጠብቀው፣ ከዚያ በሲሚንቶ ሞሉት። ትኩስ ግንብ ሲበርድ ይሸበሸባላ፤ ቸኩለው ቢያያይዙት ይሰነጠቅ ነበር።

ለትምህርትሽ የምትሠሪው ከሆነ የግንቡን ሥዕል ከማንሳትሽ በፊት የመሠረቱን ቁፋሮ ሥዕል ፈልጊ። ካስፈለገሽ ያንን መጥለፊያ ወስጄ አሳይሻለሁ፤ ፍርስራሹ አሁንም አለ።