መልስ፦ ውሻ ማሳደሩ አድክሞኛል፣ ልዝጋው?
ደሴ ላይ የሰው ውሻ የማጠብና የማሳደር ሥራዬ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ልዝጋው ወይ ላልሽው፦ አትዝጊው። ለሥራው ሌላ ሲም ካርድ አውጪና ማታ 1 ሰዓት ላይ አጥፊው። የግል ቁጥርሽ ውሻው አንቺ ጋ ላደረ ሰው ብቻ ይሁን።

አጠባውን ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ጨርሺ። የደሴ ብርድ እንደ ኮምቦልቻ አይደለም፤ ወደ ማታ የታጠበ ውሻ አይደርቅም፣ አንቺም ፎጣ ይዘሽ ታመሻለሽ።

ለገናና ለአረፋ ሁሉም ይደውላል። ቦታ ከሞላ «ሞልቷል» በይ። የሚጨርስሽ ይሉኝታው ነው፤ የጎረቤትን ውሻ በነጻ ማሳደር ጭምር።

አንድ ነገር ግን፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ አትቀበዪ። ሰው ሲደክመው እጁ ይቸኩላል፣ ውሻም ይነክሳል። ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂጂ።