«ምን አድርገንልህ ነው የምታመሰግነን?»

ጥያቄ፦ መብራትም የቧንቧ ውኃም በሌለበት ገጠር ነው ያደግኩት። ከተማ ገብቼ ልጆች ሳሳድግ ያ አስተዳደግ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ገባኝ። እናቴን «ያ ቀላል ኑሮ ይናፍቀኛል፣ አመሰግንሻለሁ» ስላት ግን ፊቷ ይጠቁራል፤ «ምን አድርገንልህ ነው?» ብላ ተነስታ ትሄዳለች። ታላቅ እህቴ ደግሞ «አንተ ምን ታውቃለህ!» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኑሮው ቀላል የነበረው ለእርስዎ ነው። እናትዎ ሳይነጋ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ልጅ ሲታመም ሐኪም በሌለበት ቁጭ ብለው ያነጋሉ። ያንን ኑሮ ሲያሞግሱባቸው ትዝ የሚላቸው ለልጆቻቸው ያላሟሉት ነገር ነው። እህትዎም ሥራውን አብረው የተሸከሙ ታላቅ ልጅ ሳይሆኑ አይቀሩም። በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች ልጅነታቸው አንድ አይደለም።

ስለዚህ እጦቱን ትተው እናትዎ ያደረጉትን ያመስግኑ፤ እሱንም አንድ ነገር ብቻ መርጠው። ምን እንዳደረጉ፣ ምን ያህል እንደደከሙበት፣ ዛሬ ለእርስዎ ምን እንደሆነ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «እማዬ፣ ፈተና ሲደርስ ከብቶቹን አንቺ ታስገቢልኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትለፊ ውለሽ ነው። ዛሬ ልጄ ሲያጠና አጠገቡ የምቀመጠው ካንቺ አይቼ ነው።» ብዙ ሰው መካከለኛውን ይዘለዋል። እናትን የሚያሳርፈው ግን እሱ ነው፤ ድካሟን ያየላት ሰው መኖሩን ትሰማለች።

ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይንገሯቸው፤ በዓል ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት አይሆንም። በዚያው ቀን ገንዘብ አይስጧቸው፣ ምስጋናው ዕዳ መክፈል ይመስላል። «ኧረ ምንም አይደል» ካሉ አይከራከሩ። ቢያለቅሱም አይደንግጡ፤ ዝም ብለው አጠገባቸው ይቆዩና «ያኔ ማን ያግዝሽ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ረሃብ ወይም ጠብ ከተነሳ «ግን ደስተኞች ነበርን» ብለው አያቋርጧቸው። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ተናግሮ መተው አይበቃም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ በወጉ ላላመሰገኑት ባለውለታ ደብዳቤ ጽፈው በአካል ያደረሱ ሰዎች ደስታቸው ጨምሯል፤ ለውጡ ግን የቆየው አንድ ወር ያህል ነው። በየቀኑ ከተባለም አፍ ማሟሻ ይሆናል። በየጥቂት ሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ማንሳት ይሻላል።

እህትዎን ለብቻቸው ያነጋግሩ። ከማመስገንዎ በፊት «አንቺስ ያኔ እንዴት ነበርሽ?» ይበሏቸው። ለልጆችዎ ደግሞ «እኛ እኮ በባዶ እግራችን…» የሚለውን ይተዉት፤ እሱ ወቀሳ ነው።

እናትዎ ራሳቸውን መውቀሳቸው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ካጡ፣ ጉዳዩ የምስጋና አይደለም፤ የጤና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷቸው።