በክብ ከበሮ መምታት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥር ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ከበሮ ከየተሰቀለበት ይወርዳል። ሠርግ አለ፣ ከተራና ጥምቀት አለ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በየሰፈሩ ልምምድ አለ። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎችም በአብዛኛው ስለዚሁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት የምንሆን የሰፈር ልጆች ክብ ሠርተን እንጫወታለን። ሁለት ትልልቅና አንድ ትንሽ ከበሮ አለን። ሲጀመር ደስ ይላል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ጭብጨባው እርስ በርሱ ይጣላል፣ ዘፋኙም ትንፋሽ አጥሮት ያቆማል። ጥፋቱ የማን ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ከበሮ መቺውን ከመውቀሳችሁ በፊት ጭብጨባውን ስሙ። እስክስታ የሚመታበት ምት፣ ችክችካ የምንለው፣ በስድስት ይቆጠራል። ይህን ስድስት «አንድ» እና «አራት» ላይ ማጨብጨብ ይቻላል፤ «አንድ»፣ «ሦስት» እና «አምስት» ላይም ይቻላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ተስማምተው ሲገጥሙ ጨዋታውን የሚያሞቀውም ይኸው ነው። ጣጣው የሚመጣው ሳይነጋገሩ ሲቀላቀሉ ነው። ሁለት ጊዜ የሚያጨበጭበው ሦስት ጊዜ የሚያጨበጭበውን ሲሰማ የዘገየ ይመስለውና እጁን ያፈጥናል፤ ከበሮው እሱን ይከተላል፤ ሌላው ሁሉ ከበሮውን ይከተላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ክቡን ለሁለት ክፈሉት፦ በዚህ በኩል ያላችሁ ሁለት፣ በዚያ በኩል ያላችሁ ሦስት። ገና ላልለመዱት ልጆች ሁሉም ሁለት ቢያጨበጭብ ይሻላል።

ወደ ከበሮው እንምጣ። ሁለቱን ትልልቅ ከበሮዎች እኩል አትምቷቸው። አንዱ መሠረት ይሁን፦ ሰፊውን አፍ «አንድ» እና «አራት» ላይ፣ ጠባቡን «ሦስት» እና «ስድስት» ላይ፤ ዱም… ታ ዱም… ታ። ይህን ያለ ምንም ማስዋቢያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳያዛንፍ መያዝ የሚችል ሰው መሠረቱን ይያዝ። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ከመካከላችሁ በጣም ጎበዝ የሚባለው አይደለም፤ ጎበዙ ይሰለቸዋል። ሁለተኛው ትልቅ ከበሮ «አንድ»ን ብቻ ይምታ ወይም ይረፍ። ትንሹ ነፃ ነው፤ ሆኖም አውጪው ግጥም በሚያወጣበት ጊዜ ዝም ይበል፤ ተቀባዮች አዝማቹን ሲመልሱ ይግባ። ግጥሙ ካልተሰማ ምኑን ጨዋታ ሆነ?

ፍጥነቱ እየሸሸ መሆኑን ለማወቅ ስልክ ይበቃል። በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት «ዱም» እንደሚመታ ቁጠሩ። 25 ላይ ጀምራችሁ ማንም «እንፍጠን» ሳይል ከአሥር ደቂቃ በኋላ 32 ካገኛችሁ ምቱ አምልጧችኋል። ጨዋታ ሲሞቅ መፍጠኑ በራሱ ነውር አይደለም። በማኅሌትም እንኳ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት በሚባሉት የአዘማመር ደረጃዎች እየተፋጠነ ይሄዳል፤ ባታ ቤተ ክርስቲያንን የመሰለ የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ሥርዓት፣ ምስክር ቤት ባለበት ከተማ ይህን ሰምቶ የማያውቅ የለም። ልዩነቱ እዚያ ፍጥነቱ በደረጃ፣ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ሁሉም የት እንደሚለወጥ ያውቃል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ መለወጫው የአዝማቹ መጨረሻ ይሁን፣ ምልክቱን የሚሰጠው ደግሞ አውጪው እንጂ ከበሮ መቺው አይሁን። ትንፋሹ የእሱ ነውና።

አንድ ነገር እንጨምር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። የክባችሁ ስፋት አሥር ሜትር ከሆነ ማዶ ያለው ሰው ከበሮውን የሚሰማው ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ የእሱ ጭብጨባ ተመልሶ እስኪደርስ እጥፍ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፣ በጭብጨባ ላይ ግን ጆሮ ይይዘዋል። ክቡን ከስድስት ሜትር አታስፉት። ሰው ከበዛ ሁለት ድርድር አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከማዶ ያላችሁም በጆሯችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ የመቺውን እጅ ተከተሉ።

ጥያቄ፦ የገዛነው ከበሮ ቀን ላይ ጥሩ ይጮኻል፣ ማታ ግን እንደ ካርቶን ይሆናል። ሻጩ አታሎን ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛም ይወርዳል። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ የረገበ ቆዳ ድምፁ ይወርዳል። ለዚህ የሚሆነው ሙቀት ነው፤ ስህተቱ ሁሉ የሚሠራውም እዚያ ላይ ነው። ከበሮውን ነበልባል ላይ አታቅርቡት። ከፋመ የከሰል ምድጃ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ ሁለቱንም አፍ በየተራ ወደ እሳቱ እያዞራችሁ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አሙቁት። ቆዳው አጠገብ የእጃችሁን ጀርባ አድርጉ፦ እጃችሁ ካልቻለው ቆዳውም አልቻለውም። ከልክ በላይ የሞቀ ቆዳ ለአንድ ሰዓት በጣም ያማረ ድምፅ ይሰጥና ጫፉ ላይ፣ ጠፍሩ በገባበት ቀዳዳ በኩል ይሰነጠቃል። ቀን ከሆነ ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ይበቃል።

ቅቤ ወይም ዘይት የሚቀቡም አሉ። የሚመታው ቦታ ላይ አይቀባም፤ ቆዳው ይከብድና ድምፁ ይፈዛል። ጠፍሩ ከደረቀ ብቻ እሱን በጣት ለስለስ ማድረግ ይቻላል። ስታስቀምጡት ከሲሚንቶ ወለል አንስታችሁ ስቀሉት፣ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ፌስታል ግን ውስጡ ሻጋታ ያመጣል። በክረምት ቢያንስ በሳምንት አንዴ አየር ይምታው።

ካሞቃችሁትም በኋላ ካልጮኸ ጠፍሩ ላልቷል ማለት ነው። ከአንድ ወገን ጀምራችሁ ዙሪያውን በተራ አታጥብቁት፤ ቆዳው ወደ አንድ ጎን ይሳባል። አንዱን ስባችሁ ቀጥሎ ትይዩውን፣ ከዚያ ከመሀል ያለውን፣ ከዚያም የእሱን ትይዩ። በየጊዜው ጫፍ ጫፉን በጣት እያንኳኳችሁ ድምፁ ዙሪያውን እኩል መሆኑን ስሙ። ቆዳው ከተቀደደ ግን መጣፍ አይረባም፣ መለወጥ ነው። ለትልቁ የበሬ፣ ለትንሹ የፍየል ቆዳ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውኃ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩ ይፋቃል፣ እርጥብ እንዳለ ይወጠራል። እርጥቡን እስከ መጨረሻው አትወጥሩት፤ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል፣ ቦታ ካጣ ይቀደዳል። አራት አምስት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በእነዚያ ቀኖች «እስቲ እንሞክረው» የሚል ሰው አታስጠጉ፤ እርጥብ ቆዳ ሲመታ መሀሉ ይለጠጥና እንደረገበ ይቀራል።

ለወደፊቱ ስትገዙ ደግሞ ግንዱን በጣት መገጣጠሚያ ዙሪያውን አንኳኩ። ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፣ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተፈለፈለ ኋላ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሰም ወይም በሙጫ ተደፍኖ ቀለም ሊቀባበት ይችላልና ቀለም የወፈረበትን ቦታ በደንብ እዩ። ከቆርቆሮ የተሠራውን ትንሽ ከበሮ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለልጆች ልምምድ ግን እኛ እንመርጠዋለን፦ ርካሽ ነው፣ ገላው አይሰነጠቅም፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ወፍራም ድምፅ አትጠብቁበት እንጂ።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ሠርግ ሴቶች ተሰብስበን እየተለማመድን ነው። ግማሽ ሰዓት ስመታ መዳፌ ያብጣል፣ የእጄ አንጓም ያመኛል። ስለምደው ይተወኝ ይሆን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ የመዳፉ መቅላት በጊዜ ይቀንሳል፤ የአንጓው ሕመም ግን የአመታት ጥፋት ነውና አይለመድም። መጀመሪያ ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ እጅንም ቆዳውንም ይጎዳሉ። ሰፊውን አፍ በተገጣጠሙ ጣቶችና በመዳፍዎ የላይኛው ክፍል ይምቱ፤ እጅዎ ነክቶ ወዲያው ይነሳ። ቆዳው ላይ ከቆየ ድምፁን ያፍነዋል፣ ጉልበት የጨመሩ ይመስልዎታል፣ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። ጠባቡን አፍ በጣቶችዎ ጫፍ፣ ወደ ዳር አድርገው ይምቱ። ክንድዎ ከክርን ይንቀሳቀስ፣ አንጓዎ ልል ይሁን። ቁጭ ብለው ጭንዎ ላይ ከያዙት ከበሮው ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ቀጥ ካለ አንጓዎ ከልክ በላይ ይታጠፋል።

በአሥራ አምስት ደቂቃ ተቀያየሩ። ድምፅ እንዲጨምር ከፈለጋችሁ አጨብጫቢ ጨምሩ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ። ካበጠ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያድርጉት፤ ጣት ከደነዘዘና በማግሥቱም ካልተወዎ እረፍት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገርም አለ፦ ለረጅም ሰዓት በባዶ እጅ በኃይል ከተመታ በመዳፍ ውስጥ ያሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈርሱና ሽንት ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል። ይህን ካዩ ከበሮውን አቁመው፣ ውኃ ጠጥተው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከእኛ መካከል አንድ ወንድማችን ከበሮውን አንዴ ከያዘ አይለቅም። በዕድሜ ይበልጠናል፣ እንዳንናገረው እናፍራለን። ሌላ ሰው ሲቀበለው ደግሞ ጨዋታው ይቋረጣል፤ እሱም «አያችሁ!» ይለናል። (ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። እሱ የሚያሸንፋችሁ ቅብብሉን ስለማታውቁት ነው። ቅብብል ራሱን የቻለ ልምምድ ነው፤ አንድ እሑድ ለእሱ ብቻ ስጡ። ተቀባዩ ከመቺው ጠባቡ አፍ ባለበት ጎን ይቁም። አንድ ሙሉ አዝማች ምቱን እያየ ያጨብጭብ። ሁለተኛው አዝማች ሲጀመር ጠባቡን አፍ እሱ ይምታ፤ መቺው ሰፊውን ብቻ ይዞ ይቆይ። አሁን አንድ ከበሮ በሁለት ሰው ተያዘ። ሦስተኛው ላይ ተቀባዩ ማንገቻውን ከመቺው አንገት አንስቶ በራሱ ላይ ያጥልቅ፤ መቺው ሰፊውን እየመታ ነው። አራተኛው አዝማች «አንድ» ላይ ተቀባዩ ሰፊውን ይምታ፣ መቺው እጁን ያንሳ። አጨብጫቢዎች በዚህ ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ አንድ ሁለት ምት ቢጎድል እንኳ ጭብጨባው ይሸፍነዋል።

ይህን ከቻላችሁ ንግግሩ ይቀላል። «ጋሼ፣ በየሦስት ዘፈኑ እንቀባበል ተባብለናል፤ ቀጥሎ የእገሌ ተራ ነው» በሉት። ክብሩን ሳትነኩ ሌላ ሥራም ስጡት፦ ግጥም ያውጣ። ከበሮ የማይለቅ ሰው ብዙ ጊዜ ብዙ ግጥም ያውቃል።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት የሰፈራችን ወጣቶች ከበሮ ይዘው እስከ ፋሲለደስ መዋኛ እየጨፈሩ ይሄዳሉ። እየተራመዱ መምታት አቃተን። (ከአራዳ አካባቢ)

መልስ፦ ማንገቻውን አሳጥሩ። ከበሮው እምብርት ላይ ይቀመጥ፤ ዝቅ ካለ ጉልበት እየመታው ይወዛወዛል። ማንገቻው ከአንገት ይልቅ ከትከሻ ወደ ጎን ቢሻገርና ከሥሩ የታጠፈ ነጠላ ቢደረግ ይቀላል። ግራ እግር «አንድ» ላይ፣ ቀኝ «አራት» ላይ ይረፍ፤ እርምጃው ምቱን ይይዝላችኋል። ስለዚህ ምቱ ቆሞ ከሚጫወቱት ዝግ ይበል። ቁልቁለት ላይ እግር ይፈጥናል፣ ከበሮውም አብሮ፤ ያኔ መቺውን የሚያይ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ወደ ኋላ እየተራመደ ምቱን በእጁ ያሳየው። ታቦቱ አጠገብ ያለው ዝማሬ የካህናቱና የሰንበት ተማሪዎች ነውና ርቀታችሁን ጠብቁ፤ ሁለት ከበሮ በተለያየ ምት ሲቀራረብ ሁለቱም ይበላሻል። ደግሞም ጥር 10 ከተራ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። ሚካኤል የሚመለሰው ጥር 12 ስለሆነ ለሦስት ቀን የሚሆን የመቺ ተራ አውጡ።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ተውሰን መጫወት እንችላለን? ጎረቤትስ ቢቆጣ? (ከተለያዩ አንባቢዎች)

መልስ፦ አይሆንም፤ የማኅሌት ከበሮ ለማኅሌት ነው። የራሳችሁን ግዙ። በዐቢይ ጾም ከበሮው ይሰቀል፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ወይም የታመመ ካለ ቀን ለውጡ፣ ይህን ማንም ሳይነግራችሁ ማድረግ ነው። ለጎረቤት አስቀድሞ ሰዓቱን መንገርና በሰዓቱ ማቆም ከይቅርታ ይሻላል። ግድግዳ አልፎ የሚያስቸግረው ጭብጨባው ሳይሆን የሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ ነው። ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ከበሮውን ወለል ላይ አታሳርፉት፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፣ ሰፊውንም አፍ ከጋራ ግድግዳው አዙሩት።