ከአሜሪካ ጦር መዝገብ የቀረ ሜዳልያ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

እነዚህ ጥያቄዎች የመጡት በአሜሪካ ጦር አገልግለው ወደ ጎጃም ከተመለሱ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ነው። የብዙዎቹ ጉዳይ አንድ ነው፤ ያገኙት ሜዳልያ መዝገባቸው ላይ አልሰፈረም። ከኮሪያ ዘማቾች ቤተሰብ የመጣም አለ፤ የእሱ መንገድ ሌላ ስለሆነ ለብቻው ተመልሷል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ሜዳልያና መዝገብ ላይ የሚጻፈው መስመር ሁለት ጉዳዮች ናቸው። መስመሩ ካለ ሜዳልያው ቢጠፋም ይተካል። መስመሩ ከሌለ ግን ሜዳልያው በእጅ ቢኖርም ለመዝገብ ቤቱ እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ኢራቅ ዘምቻለሁ። በስንብት ወረቀቴ ላይ ግን የኢራቅ ዘመቻ ሜዳልያ የለም። ዲዲ-149 ሞልቼ በቀጥታ ለቦርዱ ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ፣ ጋሼ። ዲዲ-149 የጦር መዝገብ አስተካካይ ቦርድ ማመልከቻ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ የመጨረሻው በር ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን በሮች ሳያንኳኩ የሄዱ ማመልከቻዎች ሳይታዩ ይመለሳሉ፤ ወራትም ይባክናሉ። የእርስዎ ዓይነቱ ግልጽ ግድፈት በአስተዳደር በኩል ይታረማል። ውጤቱም ዲዲ-215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ነው። ዋናው የስንብት ወረቀት ዲዲ-214 አይቀደድም፣ በአዲስም አይተካም፤ ዲዲ-215 ከጎኑ ተያይዞ ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱን ለያይተው አያስቀምጡ።

መጀመሪያ ሙሉ የግል ማኅደርዎን ይጠይቁ። የሚጠየቀው በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ሲሆን፣ ቅጹ ስታንዳርድ ፎርም 180 ነው። በእጅ መፈረም አለበት፤ ቀኑም ከአንድ ዓመት ያለፈ መሆን የለበትም። ፊርማው የጎደለ ወይም ቀኑ ያለፈበት ቅጽ ተመላሽ ነው።

ሜዳልያው የሚገባው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 19 ቀን 2003 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ 30 ተከታታይ ወይም 60 የተቆራረጡ ቀናት እዚያ ላገለገለ ነው። ማስረጃው የዘመቻ ትእዛዝዎ ነው። ትእዛዙ ከጠፋ የዚያን ጊዜ የደመወዝ መግለጫዎን ይፈልጉ፤ በወር 225 ዶላር ይከፈል የነበረው የአደጋ ቀጠና አበልና ከግብር ነፃ መሆንዎ በየወሩ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ወረቀት ብዙ ሰው የሚጥለው ቢሆንም፣ ከምስክር ቃል ይልቅ ይታመናል።

አንድ መጠንቀቅ የሚገባዎት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዘመቱ ሰዎች ይሰጥ የነበረው የፀረ ሽብር ጦርነት ዘመቻ ሜዳልያ ነው። ወረቀትዎ ላይ ያ ካለ መቀየር ይችላሉ እንጂ ለአንድ ዘመቻ ሁለቱን መያዝ አይቻልም። “ይጨመርልኝ” ብሎ የጻፈ ውድቅ ይሆንበታል፤ “ይቀየርልኝ” ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ሜዳልያዎቹ የሚጻፉት የት ላይ ነው? የእኔ ወረቀት አጭር ነው።

መልስ፦ በዛሬው ቅጽ 13ኛው ሳጥን ውስጥ ነው፤ በድሮዎቹ ቅጾች ቁጥሩ ይለያል። ቦታ ሲጠብ ቀሪው ወደ 18ኛው ሳጥን ይወርዳልና ሳያዩት “ጎደለ” አይበሉ። የያዙት አጭሩ ቅጂ የስንብቱ ዓይነትና ምክንያቱ የወጣለት ነው። ለዚህ ጉዳይ አይበቃም፤ “ሜምበር 4” የሚለውን ቅጂ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ወንድሜ በፈንጂ ቆስሎ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዳት ካሳ ይከፍለዋል። ታዲያ ፐርፕል ሃርት፣ በጠላት ለቆሰለ የሚሰጠው ሜዳልያ፣ ለምን ተከለከለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያዝንበት ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የካሳ ክፍያው በሌላ ሕግ የሚሠራ ነው። ጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር መያያዙን ብቻ ያያል፤ ማን እንዳቆሰለው አይጠይቅም። ፐርፕል ሃርት ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል፦ ቁስሉ በጠላት ድርጊት የመጣ መሆኑን፣ የሕክምና ባለሙያ ያከመው መሆኑን፣ ሕክምናውም በመዝገብ የሰፈረ መሆኑን። አንዱ ከጎደለ ማመልከቻው ይወድቃል። በብዛት የሚጎድለው ሦስተኛው ነው፤ በውጊያ መሃል የሻምበሉ ሐኪም ቁስሉን አሥሮ ወደ ቦታው ሲመልሰው ማንም አይጽፍም።

ስለዚህ የሚፈለገው የዛሬ ሐኪም ደብዳቤ ሳይሆን በዚያው ሰሞን የተጻፈ ወረቀት ነው። የመስክ ሕክምና ካርድ፣ የሆስፒታል መግቢያ፣ ለቤተሰብ የተላከ የጉዳት ማስታወቂያ፣ የሻምበሉ የዕለት ውሎ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ከተሰናበተ በኋላ ለሐኪም የተናገረው “ፈንጂ መታኝ” የሚል ቃል የራሱ ቃል ተደርጎ ይቆጠራል።

ምስክር ካለ አጻጻፉ ወሳኝ ነው። “ጀግና ነበር፣ ሲቆስል አይቻለሁ” የሚል ደብዳቤ አይረዳም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የክፍሉን ስም፣ ምን እንደመታው፣ የት አካሉ ላይ እንደቆሰለ፣ ማን እንዳከመውና ምስክሩ ራሱ የት ቆሞ እንዳየ ይጻፍ። በመጨረሻም በአሜሪካ ሕግ መሠረት ሐሰት ቢሆን እንደሚቀጣ አውቆ የሰጠው ቃል መሆኑን ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ይፈርም። ይህ ዓረፍተ ነገር ካለ ቃለ መሐላ ለማስፈጸም ውልና ማስረጃ መመላለስ አያስፈልግም። ሦስት ምስክሮች በአንድ ቃል የጻፉት ደብዳቤ ግን ጥርጣሬ ያመጣል፤ እያንዳንዱ በራሱ አንደበት ይጻፍ።

በፍንዳታ ጭንቅላቱ ተናውጦ ደም ያልፈሰሰው ከሆነም ተስፋ አለው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለደረሰ ጉዳት፣ የሕክምና መኮንን ከ48 ሰዓት በላይ ለሙሉ ሥራ ብቁ አይደለም ብሎት ከነበረ ይታያል። የሥራ ዕረፍት የተሰጠበትን ወረቀት ፈልጉ፤ ቁልፉ እሱ ነው። በአእምሮ ጭንቀት፣ በብርድ፣ በሙቀት ወይም በተራ የመኪና አደጋ ግን ፐርፕል ሃርት አይሰጥም።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ በስንብት ወረቀቱ ላይ ያለው ስሜ ከፓስፖርቴ ጋር አይገጥምም። የትውልድ ዘመኔም ሰባት ዓመት ይለያል። ይህ ለሜዳልያው እንቅፋት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። የእኛ አገር ሰው ልዩ ችግር ነውና በደንብ ይታይ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፣ የአያት ስም አንዴ ይገባል አንዴ ይቀራል፣ “ፀ”ና “ጸ” ወይም “ቀ” በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ። የሜዳልያው ትእዛዝ በአንዱ አጻጻፍ፣ የስንብት ወረቀቱ በሌላው ወጥቶ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ሁለት ሰው ናችሁ ይላል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው በአገልግሎት ዘመን የነበረው ስም ነው፤ የአሁኑም ከሥሩ ይገለጽ። የአገልግሎት ቁጥሩን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን አይርሱ፤ ሁለቱን ስሞች የሚያስተሳስረው እሱ ነው።

ከስንብት በኋላ በዜግነት ወይም በፍርድ ቤት ስም የቀየረ ሰው ወረቀቱ በአዲሱ ስም እንዲታተምለት ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይባላል፤ ቦርዱ መዝገብ በዚያን ጊዜ የነበረውን ማሳየት አለበት ብሎ ስለሚያምን። የስም ለውጡን ማስረጃ ከወረቀቱ ጋር አያይዞ መያዝ ይበቃል።

የትውልድ ዘመኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚለየው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረው ቁጥር ሳይቀየር እንደ አውሮፓ ስለተጻፈ ነው። ይህን ከሜዳልያው ጋር በአንድ ማመልከቻ አይቀላቅሉት፤ ጥርት ያለውን ጉዳይ ያዘገያል። ለእያንዳንዱ ስህተት የየራሱ ማመልከቻና የየራሱ ማስረጃ ይሻላል።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ሦስት ዓመት ካለፈ አይቻልም ተባልኩ።

መልስ፦ ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው ስህተቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ካለፈም ቦርዱ ለፍትሕ ሲባል ሊያልፈው ይችላል፤ ማስረጃው ጠንካራ ሲሆን ያልፈዋል። ቅጹ ላይ ለምን እንደዘገየህ የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ አትተው። መቼ እንዳወቅህና በምን እንዳወቅህ በሁለት መስመር ጻፍ።

ጥያቄ (ቢቸና)፦ አባቴ በአስመራው የአሜሪካ ሰፈር ያገለገለ አሜሪካዊ ወታደር ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ተሰናበተ። ልጅነቴን የሚያሳይ ወረቀት ግን የለኝም። መዝገቡን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ማየት ትችላለህ። ከስንብት 62 ዓመት ያለፈው መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ዝምድና ማስረዳት አይጠየቅም፤ ለቅጂው ግን ይከፈላል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ ላይ በተነሣው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ጠፍቷል። ከ1912 ኅዳር እስከ 1960 መጀመሪያ ከተሰናበቱት የምድር ጦር ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው ተቃጥሏል። የአባትህም በዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

“ተቃጥሏል” የሚል መልስ ቢመጣ በዚያ አትቁም። ኤንኤ ፎርም 13075 የተባለውን ቅጽ ሙላ፤ ማዕከሉ ከመጨረሻ የደመወዝ ሰነድ፣ ከሻምበሎች የጠዋት ሪፖርትና ከመሳሰሉት አገልግሎቱን መልሶ ይገነባል። የጠዋት ሪፖርት የሚፈለገው በሻምበል ነውና የሻምበሉን ስምና ወሩን ካላወቅህ አይገኝም። በድሮ ፎቶ ጀርባ ወይም በደብዳቤ ፖስታ ላይ የተጻፈ አድራሻ ይህን ይነግርሃል። የጎደለ ሜዳልያ ለማስጨመር ወይም ሜዳልያውን ለመቀበል ግን የቅርብ ዘመድነት ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ አያቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቷል። አሜሪካኖች ሸልመውት ነበር ይባላል። ዲዲ-149 ልሙላለት?

መልስ፦ አትሙላ። ያ ቦርድ የሚያየው የአሜሪካን ወታደሮች መዝገብ ብቻ ነው። ቃኘው ከ7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ቢዋጋም ሰዎቹ የክቡር ዘበኛ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። የግል ማኅደራቸው ሴንት ሉዊስ ውስጥ አይገኝም።

መንገዱ ይህ ነው። አሜሪካ ለአንድ የሌላ አገር ወታደር ሜዳልያ ስትሰጥ ስሙ በክፍለ ጦሩ ወይም በ8ኛው ጦር “ጠቅላላ ትእዛዝ” ላይ ይወጣል። የኮሪያ ዘመን የጦር ክፍሎች ሰነዶች በሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ስትጠይቅ የአያትህን ስም በሦስት አራት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ስጥ፤ አሜሪካዊው ጸሐፊ እንደሰማው ነው የጻፈው። ማዕረጉን፣ የሻምበሉን ቁጥርና በየትኛው ዙር እንደዘመተም ጨምር። የመጀመሪያው ዙር የሄደው በ1943 ዓ.ም. ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን ሜዳልያም አገላብጠህ እይ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ተቀርጾ ተሰጥቷል። በዘመቻው ለተሳተፈ ሁሉ የተሰጠ ነው፤ የግል ጀግንነት ሽልማት አይደለም። “አሜሪካኖች ሸለሙት” የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ የሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርም መጠየቅ ያለበት ነው።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ አዛዤ ለብሮንዝ ስታር ሜዳልያ አጭቶኝ ነበር፤ ወረቀቱ ጠፋ።

መልስ፦ እጩነቱ ከጸደቀና ትእዛዝ ከወጣ በኋላ ወደ መዝገቡ ሳይገባ የቀረ ከሆነ ትእዛዙን ፈልጎ ማስገባት ነው፤ ቀላል ነው። ሳይጸድቅ የጠፋ ከሆነ ግን እንደ አዲስ ይጀመራል። ዲኤ ፎርም 638፣ የድርጊቱ ትረካ፣ የዓይን ምስክሮች ቃልና የምስጋና ጽሑፍ ረቂቅ ይዘጋጃል። ጊዜው ስላለፈ የሚቀርበው በአሜሪካ ምክር ቤት አባል በኩል ነው። ራስህን ማጨት አይፈቀድም፤ አዛዥህ ወይም ድርጊቱን ያየ ሰው መፈረም አለበት። ስለዚህ ከቅጹ በፊት አዛዥህን ፈልግ፤ ዕድሜው እየገፋ ነውና ይህን ለነገ አታሳድር።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ የመልካም ሥነ ምግባር ሜዳልያስ?

መልስ፦ ሦስት ዓመት ያለ ቅጣት ላገለገለ ተራ ወታደርና የበታች ሹም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን አገልግሎቱ ያበቃ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ካገለገለ ይበቃዋል። ሲጎድል ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ትእዛዝ ሳያወጣ ቀርቶ ነው። ማኅደርህ ውስጥ አዛዥ የከለከለበት ወረቀት ከሌለ ቦርዱ ደጋግሞ የሚፈቅደው ጉዳይ ነው።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ አንድ ደላላ በ40 ሺህ ብር አስጨርሳለሁ አለኝ።

መልስ፦ አትስጠው። ቅጾቹ ነፃ ናቸው፣ ቦርዱም አያስከፍልም። በአሜሪካ ያሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ ለምሳሌ አሜሪካን ሊጅን፣ ያለ ክፍያ ይወክላሉ። ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራው ደላላው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን መያዙ ነው።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ከላክሁ በኋላ ስንት ጊዜ ይወስዳል? ውድቅ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሕጉ ለቦርዶቹ ከማመልከቻዎቹ 90 በመቶውን በ10 ወር፣ ሁሉንም በ18 ወር እንዲጨርሱ ያዛል። ቦርዱ ማስረጃ አይፈልግልህም፤ ያቀረብኸውንና ማኅደሩን አይቶ ይወስናል። ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ያንን ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብብ፤ የጎደለው ወረቀት ምን እንደሆነ የሚነግርህ እሱ ነው። ቀድሞ ያልቀረበ ማስረጃ ካገኘህ እንደገና እንዲታይልህ መጠየቅ ትችላለህ። ያንኑ ወረቀት ደግሞ መላክ ግን ዋጋ የለውም።

ስትልክ ዋናውን ሰነድ ከእጅህ አታውጣ፤ ቅጂ ላክ። በአማርኛ ያለ የልደት፣ የጋብቻ ወይም የሞት ማስረጃ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን አረጋግጦ ፈርሞበት ይያያዝ። ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክና ደረሰኙን ያዝ። ለመልሱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሌለህ አሜሪካ ያለ የምታምነውን ዘመድ አድራሻ ስጥ። ዘመዱ ቤት ሲቀይር ለቦርዱ በጽሑፍ አሳውቅ፤ መልሱ የሚሄደው ወደ ሰጠኸው አድራሻ ነው።