የጾም ኬክ የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ልጄ በሚቀጥለው ወር 7 ዓመት ይሞላታል። ለልደቷ እህቴ ከአሜሪካ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ 5 ዓመቱ ነው፤ ከባድ የወተት አለርጂ አለበት። እኔ ከኬክ ቤት የጾም ኬክ ላዝዝ አስቤ ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ «በፍየል ወተት ወይም ላክቶስ በሌለው ወተት ብትሠሪው ምንም አይለውም» አለችኝ። እናቴ «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል?» ትላለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ባቀርብ ይሻላል?
የልጅቷ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እንኳን ለልጅዎ ልደት በሰላም አደረሳችሁ። መፍራትዎ ትክክል ነው።

ከጾም ኬኩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የጾም» ሲባል ሠሪው ሊጡ ውስጥ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልጨመረም ማለት ነው። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ያው ኬክ ቤት በዚያው ቀን የፍስክ ኬክም ይጋግራል። ፓትራው፣ ሚክሰሩ፣ ቢላዋውና ክሬም መቀቢያው አንድ ሊሆን ይችላል። በቅቤ የተቀባ ፓትራ ላይ የቀረች ቅሪት ለሌላው ሰው ምንም አይደለችም። ከባድ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ልትበቃ ትችላለች።

ክሬሙ ደግሞ ከሊጡ በላይ ያሳስበኛል። ከአትክልት ዘይት ተሠራ ተብሎ በዱቄት ወይም በካርቶን የሚሸጠው የኬክ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ኬዚኔት የሚባል ነገር አለ። ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ማርጋሪንም የወተት አጓት ይገባበታል። ጥቁር ቸኮሌትም ቢሆን የወተት ቸኮሌት በሚመረትበት ማሽን ስለሚያልፍ ወተት የነካው ብዙ ነው። ኬክ ሠሪው ማርጋሪኑን ወይም ክሬሙን ከገበያ ገዝቶ ስለሚጠቀም ሳያውቅ «ወተት የለበትም» ሊልዎ ይችላል። ሊዋሽዎ ፈልጎ አይደለም።

ወደ ጎረቤትዎ ምክር ልምጣ። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ያስቸግረዋል እንጂ ለሕይወቱ አያሰጋውም። አለርጂ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰውነት መከላከያ የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ላክቶስ የሌለው ወተት ስኳሩ ተፈጨ እንጂ ፕሮቲኑ እንዳለ ነው። የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲንም ከላም ወተት ጋር በጣም ይመሳሰላል። የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከ10 ከ9 የማያንሱት በፍየል ወተትም ይነሣባቸዋል። ንጥር ቅቤም ቢሆን ተነጥሮ ፕሮቲኑ ሙሉ በሙሉ አይወጣለትም። ስለዚህ ሦስቱም ይቅሩ።

እና እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? ኬኩን እቤት እጋግራለሁ። ደግነቱ ወተትም እንቁላልም የማይገባበት ቀላል የካካዎ ኬክ አለ። በአንድ ብርጭቆ እየለኩ አንድ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያደባልቁ። ከዚያ የብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ትንሽ ቫኒላና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩ። አቼቶውና ሶዳው ሲገናኙ አየር ይፈጥራሉ፤ ኬኩን የሚያነሣው እሱ ነው። እንደተዋሐደ ሳያቆዩ በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋግሩት። ከላይ የስኳር ዱቄት በሎሚ ጭማቂ አሽተው ቢያፈሱበት ልጆቹ ይወዱታል። ካካዎው ጣፋጭ የቸኮሌት መጠጥ ዱቄት እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ፤ እሱ ውስጥ ወተት ሊኖር ይችላል። የዳቦ መጋገሪያውን በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይቀቡ። ከሁሉ በፊት ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡት።

ከኬኩ ጎን ሐብሐብ፣ ማንጎና አናናስ ቆርጠው ያቅርቡ። በዘይት የፈነዳ ፈንዲሻም ይሆናል። ጁስ ከፈለጉ እቤት ይጭመቁ። ጁስ ቤት አቮካዶ በወተት የፈጩበት ማሽን ሌላውንም ይፈጫልና። ጭኮ፣ ባቅላባ፣ አይስክሬምና በቅቤ የተሠራ ዳቦ ቆሎ ከጠረጴዛው ይቅሩ።

የታሸገ ነገር ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። «ሚልክ» (milk፣ ወተት)፣ «በተር» (butter፣ ቅቤ)፣ «ዌይ» (whey፣ አጓት)፣ «ኬዚን» (casein፣ የወተት ፕሮቲን) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ይፈልጉ። እኛ ዘንድ የሚመጣው ብስኩት ከቱርክ ወይም ከዓረብ አገር ሊሆን ይችላል፤ በቱርክኛ ወተት «ሱት» (süt)፣ በዓረብኛ «ሐሊብ» (حليب) ነው። ማንበብ ያልቻሉትን አይግዙ።

አሁን እውነተኛው ስጋቴ። እኛ ልጅ ስንወድ እናጎርሳለን። የልደቱ ቀን ቤቱ ሙሉ አክስትና አጎት ነው። አንዷ ቅቤ በነካ እጇ ታጎርሰዋለች፤ ልጁ ደግሞ አያፍርም፣ አፉን ይከፍታል። በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ በሠራሁበት ጊዜ እንዲህ ከድግስ ቤት ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ የመጣ ልጅ ተቀብያለሁ። ያጎረሱት አያቱ ነበሩ። ልጁ ዳነ። የእሳቸው ለቅሶ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለዚህ እናትዎን ቀደም ብለው ቁጭ አድርገው ያስረዷቸው። «ትንሽ» የሚባል ነገር ለዚህ ልጅ የለም። እንግዶቹ እንደገቡም «ይህን ልጅ ከእናቱ በቀር ማንም አያጉርሰው» ብለው ጮክ ብለው ይንገሯቸው። ነውር አይደለም።

የሚቻልዎ ከሆነ ጣፋጩ በሙሉ ለሁሉም ልጅ ያው ወተት የሌለበት ይሁን። ሁለት ኬክ ካለ ሁለት ቢላዋ ያስፈልጋል፤ ልጆችም ሳህን ይቀያየራሉ። ደግሞስ የ5 ዓመት ልጅ ለብቻው የተለየ ኬክ ይዞ ጥግ ሲቀመጥ ማየት ያሳዝናል።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ቢነሣበትስ? አለርጂው አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን እብጠት፣ ማስመለስ ሊኖር ይችላል። ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የድምፅ መዘጋት ወይም መዝለፍለፍ ካዩ አይጠብቁ። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ በጭኑ በውጭ በኩል መሐል ላይ ይወጋል፣ በሱሪው ላይም ይቻላል። የማሳከክ ክኒን ጉሮሮ አይከፍትም፤ በእሱ ጊዜ አያባክኑ። ልጁን ያስተኙት፤ መተንፈስ ካቃተው ደግፈው ያስቀምጡት እንጂ አያስሩጡት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ሁለተኛው ይወጋ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣበት ይችላል።

እህትዎ ኢፒፔን (አድሬናሊን የተሞላ፣ እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ) ወይም ተመሳሳዩን ሁለት ይዛ ትምጣ፤ እዚህ እንደልብ አይገኝም። አወጋጉን ከልደቱ በፊት ታሳይዎ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት።

አሁኑኑ ይደውሉላትና ሁለት ነገር ይጠይቋት። አንደኛ፣ ከወተት ሌላ የማይስማማው አለ? እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር? የአኩሪ አተር ወተት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ማወቅ አለብዎት። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ልጆች በደንብ የተጋገረ ወተት ይችላሉና «ብስኩት ይበላል» ካለችዎ፣ ይህን ሐኪሙ አረጋግጦላት እንደሆነ ይጠይቋት። በእርስዎ ቤት ግን አይሞከር።