ትኋን ከተከራየሁት ክፍል አልወጣ አለኝ

ጥያቄ፦ ጎንደር ማራኪ አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ከተደረደሩት አምስት ሰርቪስ ቤቶች በአንደኛው እኖራለሁ። ክፍሌን ሦስት ጊዜ ባስረጭም ትኋኑ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። አከራዬ «ይዘሽው የመጣሽ አንቺ ነሽ» በማለት ወጪውን አልጋራም ብለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእርስዎ ክፍል ብቻውን እስከተረጨ ድረስ አራተኛው ርጭትም የተለየ ውጤት አያመጣም። ትኋን አይበርም፣ አይዘልም፤ ነገር ግን በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒሱ ላይና የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል። ስለዚህ አምስቱም ክፍሎች በአንድ ቀን ተፈትሸው በአንድ ቀን መረጨት አለባቸው። ትኋን ምንም ሳይመገብ ለወራት ስለሚቆይ፣ ሰው የለቀቀው ክፍልም አይታለፍ።

ሲፈተሽ አልጋው ተፈትቶ የርብራቡ ጫፍ፣ የምስማሩ ቀዳዳና የፍራሹ ስፌት በባትሪ ይታይ፤ በእስክሪብቶ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ምልክት፣ የተገፈፈ ቅርፊትና አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ነጭ እንቁላል ከተገኘ መደበቂያው እዚያ ነው። አብዛኛው መድኃኒት እንቁላሉን ስለማይጨርስ፣ የተፈለፈሉት አድገው እንቁላል ሳይጥሉ ርጭቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። ስንጥቁ ከዚያ በኋላ በጀሶ ይደፈን፤ አንሶላና ልብስም በፈላ ውሃ ይታጠብ።

አጥብቄ የምለምንዎ ነገር አለ፦ ለእህል የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን በክፍልዎ አያስቀምጡ፣ ጎረቤቶችዎም እንዳያስቀምጡ ይንገሯቸው። ከክኒኑ የሚወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ትኋኑ በሚያልፍበት ስንጥቅ አልፎ በወዲያኛው ክፍል የተኛን ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ትኋን በሻንጣም፣ በአሮጌ የቤት ዕቃም ስለሚገባ ማን እንዳመጣው ማረጋገጥ አይቻልም። ተከራይ ተወቃሽ መሆኑን ካወቀ ደግሞ ይደብቃል፤ በተደበቀ ቁጥር ግቢው በሙሉ ይወረራል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አከራይ የቤቱን ያለፈ አንድ ዓመት የትኋን ሁኔታ ለአዲስ ተከራይ በጽሑፍ እንዲገልጽ በሕግ ተገዷል። እናንተም በኪራይ ውላችሁ ተከራይ ትኋን እንዳየ እንዲያሳውቅ፣ በማሳወቁ ከቤት እንዳይወጣ፣ በርጭት ቀን ክፍሉን አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ፣ አከራይም ግቢውን በሙሉ እንዲያስረጭና የተለቀቀ ክፍል ሳይፈተሽ እንዳያከራይ መስማማት ትችላላችሁ። ለአከራይዎ ሲያስረዱ አምስቱን ክፍል አንድ ላይ ማስረጨት ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር አንዱን ክፍል ከማስረጨት እንደሚሻል ይንገሯቸው።