«እኔ» የማይል «እኔ»

ውድ ጠያቂ፣

በቋንቋ ጥናት ልትመረቂ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጽፉት ስለ አእምሮ ጤናቸው ምን እንደሚናገር ማጥናት ሙያሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ፤ «ሥነ ልቦናም ኮምፒውተርም አልተማርኩም፤ ረፍዶብኝ ይሆን?» ብለሽኛል። እስከዚያው በጓደኞችሽ ጽሑፍ መለማመድ መጀመርሽንም ነግረሽኛል።

አልረፈደብሽም፤ መስኩ እንዳንቺ ያለ ሰው አጥብቆ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ድባቴ ያለባቸው የኮሌጅ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ድርሰታቸው «እኔ» የሚለውን ቃል ከሌሎቹ ይልቅ ሲያዘወትሩ ተገኝተዋል። ይህ ቆጠራ ወደ አማርኛ ሲመጣ ይፈርሳል። «ደከመኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ» የሚል ሰው «እኔ» አላለም፤ ስለ ራሱ ግን ተናግሯል። ያውም የግሡ ባለቤት እርሱ አይደለም፤ ስሜቱ መጥቶ ይዞታል። «ሆድ ባሰኝ» ሲልማ ቃላትን ነጥሎ የሚቆጥር ፕሮግራም ሆዱን የታመመ ሰው ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ይህን የሚያየው የቋንቋ ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚህ ላይ ብትሠሪው ምንኛ ደስ ባለኝ!

ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋና ስታቲስቲክስን በቀረሽ ዓመት ጀምሪ። ሕመሙን በሚመለከት ግን ከሐኪም ወይም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሥሪ እንጂ ብቻሽን አትግቢበት።

የተሰበሰበ መረጃ በተሰጠሽ ቁጥር «ይህ ሰው መታመሙን ማን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዳንድ ተመራማሪዎች «ሐኪም ድባቴ አለብህ አለኝ» የመሰለ ነገር በትዊተር የጻፉ ሰዎችን ሰበሰቡ። ብልህ ዘዴ ነው፤ ሕመሙን ደብቆ የሚኖረውን ግን አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሌሎች የ683 ፈቃደኛ ታካሚዎችን የፌስቡክ ጽሑፍ ከሕክምና መዝገባቸው ጋር አመሳከሩ፤ ድባቴ በመዝገባቸው የሰፈረው 114 ነበሩ። አድካሚ መንገድ ነው፤ እኔ ግን ይህኛውን ይበልጥ አምነዋለሁ።

የጓደኞችሽን ጽሑፍ መተንተኑን ዛሬውኑ አቁሚ፤ አልፈቀዱልሽም። ሳማሪታንስ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሰው በትዊተር አሳሳቢ ነገር ሲጽፍ ተከታዮቹን የሚያስጠነቅቅ አገልግሎት ጀምሮ ነበር። ዓላማው ቅን ነበር፤ ሳይጠየቁ ጽሑፋቸው የተመረመረባቸው ሰዎች ተቃውሞ ግን በቀናት ውስጥ አስቆመው። የአንዷ ጓደኛሽ ጽሑፍ ካስጨነቀሽ ደውዪላትና እንዴት እንደሆነች ጠይቂያት።